የወገኑን እጅ ያልሸሸገ ልብ ወለድ፦ «ባቡር ወደ ፓኪስታን» እና ሃያሲያኑ

ሕንድ ውስጥ በሃይማኖት የተለያዩ ጎረቤታሞች ደም በተቃቡ ቁጥር ከመደርደሪያ እየወረደ የሚነበብ አንድ ልብ ወለድ አለ። ኩሽዋንት ሲንግ «ባቡር ወደ ፓኪስታን» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ይህ መጽሐፍ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ በአንዲት የፑንጃብ መንደር የሆነውን ይተርካል። ደራሲው ከሲኮች፣ ከፑንጃብ ከተነሣው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ወገን ነው። በፌብሩዋሪ 2025 አንድ የዴልሂ ፍርድ ቤት የቀድሞው የፓርላማ አባል ሳጃን ኩማር በ1984 በሲኮች ላይ በደረሰው ጭፍጨፋ በፈጸመው ወንጀል ሁለተኛ የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈርድበት እንደታየው፣ የሲኮች ጉዳይ ገና ያልተዘጋ ፋይል ነው፤ ስለሆነም በልብ ወለዱ ላይ የሚሰጠው ሂስ ከሥነ ጽሑፍ መማሪያ ክፍል አልፎ ማን ምን አደረገ ወደሚለው ክርክር መግባቱ አይቀርም።

ስለ መጽሐፉ የተጻፉትን ሂሶች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያዎች የሚያገላብጥ ሰው አንድ ምስጋና ሲደጋገም ያገኛል፤ ደራሲው ሲክ ሆኖ ሳለ ለማንም ሳያደላ ሁሉንም ወገን እኩል ወቅሷል የሚል። መጽሐፉ ራሱ ለዚህ ንባብ በር ከፍቷል፤ ገና በመግቢያው ሙስሊሞች ሂንዱዎችን፣ ሂንዱዎችም ሙስሊሞችን እንደሚከስሱ ጠቅሶ እውነቱ ግን ሁለቱም መግደላቸው ነው ይላል። ይሁን እንጂ ከመግቢያው አልፎ ገጾቹን በጥሞና ለሚከታተል ሰው ትረካው ጥፋቱን እኩል የሚያካፍል አይደለም። በአንባቢው ፊት ሲመከርበት፣ ፈቃደኞች ሲመለመሉለትና ገመድ ሲወጠርለት የሚታየው ግድያ ሲኮች በሙስሊሞች ላይ የሚያሴሩት ነው። በሲኮችና በሂንዱዎች ላይ የደረሰው ግድያ ከድንበሩ ማዶ ተፈጽሞ ሬሳው ብቻ ወደ መንደሩ ይደርሳል። ብዙዎቹ ሃያሲያን «ሚዛናዊ» ብለው ያለፉት ይህን ልዩነት ነው። በእኔ እምነት የመጽሐፉ ድፍረት እዚሁ ላይ ያለ ሲሆን፣ ስለ ሲክነት የሚያነሣውም ጥያቄ ከዚህ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የ1947ቱ ክፍፍል ለሲኮች የተለየ ፈተና ነበር። ሙስሊሞች ፓኪስታንን አገኙ፤ ሂንዱዎች በሕንድ ብዙኃን ሆኑ፤ ሲኮች ግን በሁለቱም አገሮች አናሳ ሆነው ቀሩ፤ ብዙ ለም መሬታቸውና የእምነቱ መሥራች ጉሩ ናናክ የተወለዱባት ናንካና ሳሂብ ከድንበሩ ወዲያ ዋሉ። ድንበሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይፋ የሆነው ነጻነት ከታወጀ በኋላ፣ ኦገስት 17 ቀን ነበር። ከ12 እስከ 15 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ከቤቱ ተነቀለ፤ የሟቾቹ ቁጥር እንደ ገማቹ ከ200 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ይለያያል። በማርች 1947 በራዋልፒንዲ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሲኮች ተጨፈጨፉ። ከኦገስት ጀምሮ ደግሞ በምሥራቅ ፑንጃብ «ጃታ» የሚባሉ የታጠቁ የሲክ ቡድኖች የሙስሊም መንደሮችንና ወደ ፓኪስታን የሚያመሩ ስደተኞችን የጫኑ ባቡሮችን አጠቁ። ከሌላው ዘመን የሲኮች ታሪክ ጋር ሲነጻጸር 1947ን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ተበዳይና በዳይ በአንድ ማኅበረሰብ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኙ ነበር።

ደራሲው ይህን ሁሉ ያሳረፈባት ማኖ ማጅራ በሳትለጅ ወንዝ ዳር፣ ከባቡር ድልድይ አጠገብ ያለች የፈጠራ መንደር ናት። ሰባ ያህል ቤተሰብ ይኖርባታል። መሬቱ የሲኮች ነው፤ ሙስሊሞቹ ጭሰኞቻቸው ናቸው፤ ሂንዱ የሚባለው የአራጣ አበዳሪው የላላ ራም ላል ቤት ብቻ ነው። ከኩሬው ዳር፣ ከግራር ዛፍ ሥር፣ የአሸዋ ድንጋይ ቆሟል፤ ሲኩም ሙስሊሙም ሂንዱውም ሲጨንቀው ሰው ሳያየው ሄዶ የሚማጠነው እሱን ነው። መንደርተኛው ሰዓቱን የሚለየው በባቡር ነው፤ የንጋቱ ባቡር ሲያፏጭ የመስጊዱ አዛን ይከተላል፣ ከዚያም የሲኮቹ ቤተ ጸሎት የጉርድዋራው አገልጋይ ይነሣል፤ ሌሊት የጭነት ባቡሩ ሲያልፍ ሁሉም ይተኛል። ይህ ሥርዓት የሚፈርሰው ከፓኪስታን አንድ ባቡር ድምፁን አጥፍቶ ሲገባ ነው። ወታደሮች መንደርተኛውን ትርፍ እንጨትና ላምባ አምጣ ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ሲመሽ ነፋሱ በመጀመሪያ የላምባውንና የእንጨቱን፣ ቀጥሎም የሚቃጠል ሥጋ ሽታ ያመጣል። ደራሲው የሬሳውን ብዛት በዝርዝር ከመደርደር ይልቅ ሰዎቹ ያን ሽታ አሽትተው እርስ በርስ መተያየት ሲያቅታቸው ማሳየቱ ከመጽሐፉ ምርጥ ገጾች አንዱን አስገኝቶለታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ይበልጥ ይከብዳል። ባለሥልጣናቱ ሙስሊሞቹ ለጊዜው ወደ ስደተኛ ካምፕ እንዲሄዱ ይወስናሉ፤ መንደርተኛው ተቃቅፎ ሲያለቅስ ያድራል። በማግስቱ ጠዋት ወታደር ይመጣል፤ በእጅ ከሚያዝ ዕቃ በቀር ምንም አይጫንም ይባላል፤ የሄዱት ሰዎች ቤትና ከብት ጠባቂ ሆኖ የሚሾመውም አራጣ አበዳሪውን የገደለው ወንበዴ ማሊ ነው። ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ሲክ ወደ ጉርድዋራው ገብቶ ለእያንዳንዱ ሲክና ሂንዱ ሬሳ ሁለት የሙስሊም ሬሳ መመለስ አለበት ይላል። ሽማግሌው የጉርድዋራ አገልጋይ ሚት ሲንግ የእኛ መንደር ሙስሊሞች ምን አደረጉን ብሎ ይጠይቃል፤ ወጣቱም በፓኪስታን የሞቱት ሲኮችስ ምን አድርገው ነበር ብሎ ያፍነዋል። ለግድያው ፈቃደኛ ሆነው ከሚነሡት መካከል የማሊ ወንበዴዎችና ስደተኞች ብቻ አይደሉም፤ ከጥቂት ቀናት በፊት ሙስሊም ጎረቤቶቻቸውን እያለቀሱ የሸኙ መንደርተኞችም አሉበት። በድልድዩ ላይ ገመድ ይወጠራል፤ ባቡሩ በጨለማ ሲያልፍ ጣሪያው ላይ የተሳፈሩትን ጠርጎ እንዲጥል፣ የቀረውን ጥይት እንዲጨርሰው። ዕቅዱ ከተነገረ በኋላ ተሰብሳቢው ወደ ቅዱሱ መጽሐፍ ፊቱን አዙሮ ይጸልያል፤ ያ ጸሎት ደግሞ የሚያበቃው ለፍጥረት ሁሉ በጎውን በመመኘት ነው። ደራሲው እዚህ ላይ አንድም ትችት አይጨምርም።

መጽሐፉ ግሮቭ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ለሕንድ ልብ ወለድ ያዘጋጀውን ሽልማት አግኝቷል፤ በአሜሪካ በመጀመሪያ የታተመውም በመንደሯ ስም፣ «ማኖ ማጅራ» ተብሎ ነው። የውጭ ገምጋሚዎች አቀባበላቸው ሞቅ ያለ ነበር፤ አጭር፣ ፈጣንና በስሜት የማይዋጥ ታሪክ ሆኖ አገኙት። በሕንድ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው፤ ክፍፍሉ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ስለነበር አንባቢው መጽሐፉን የገዛ ቁስሉ ምስክር አድርጎ ተቀበለው። ያኔ የተጀመረው ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ልብ ወለዱ እንደ ታሪክ ሰነድ ይጠቀሳል፤ ከክፍፍሉ ፎቶግራፎች ጋር ተዳብሎ ይታተማል፤ በ2006 የወጣው የሃምሳኛ ዓመት ዕትም ማርጋሬት ቡርክ ዋይት በ1947 ያነሣቻቸውን ፎቶግራፎች ይዞ ወጥቷል። ፎቶግራፎቹ እውነተኛ ሬሳ ያሳያሉ፤ አጠገባቸው ያለው ጽሑፍ ደግሞ ፈጠራ ነው። በዚህ መንገድ የታተመን መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ መመዘን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ድፍረት ይመስላል፤ ብዙ ሃያሲም ከዚያ ድፍረት ሸሽቷል።

ምስክር የመሆን ማዕረጉ ከደራሲው ሕይወትም ይመጣል። ኩሽዋንት ሲንግ በ1915 የተወለደው ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው ሀዳሊ ነው፤ እስከ ክፍፍሉም በላሆር ጥብቅና ይሠራ ነበር። ሲሸሽ ቤቱን በአደራ የተወው ለሙስሊም ወዳጁ ለማንዙር ቃዲር ሲሆን፣ እኚህ ሰው በኋላ የፓኪስታን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ደራሲው ደጋግሞ እንደተረከው፣ በዚያ ክረምት ጭር ባለ መንገድ ወደ ዴልሂ መኪናውን ሲነዳ የታጠቁ ሲኮችን የጫነ ጂፕ አገኘ፤ ሰዎቹም አንድ የሙስሊም መንደር መጨረሳቸውን በኩራት ነገሩት፤ እንዲህ ሲሉት አንድ የራሳቸው ሰው ለሆነ ወገን የሚነግሩ ነበር የመሰላቸው። በጉርድዋራው ውስጥ የሚናገረው ወጣት ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ትዝታ ከማንኛውም የሂስ ንድፈ ሐሳብ የተሻለ መልስ ይሰጣል። ደራሲው ምስክር ከሆነ የመሰከረው ስለ ወገኑ ነው።

ሰነድ አድርጎ የማንበቡ ልማድ ያስከተለው ሌላው ጉዳት ሁኩም ቻንድን ማስረሳቱ ነው። ይህ የአውራጃው ዳኛና አስተዳዳሪ በብዙ ሂሶች ውስጥ የቢሮክራሲ ብልሹነት ማሳያ ተብሎ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል፤ እኔ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከእሱ የበለጠ ውስጡ የተፈተሸ ሰው አላገኘሁም። ውስኪውን ይጠጣል፤ ልጁ ልትሆን ከምትችል ዘፋኝ፣ ከሀሲና፣ ጋር ያድራል፤ በዚያው ሌሊት ግን ሞትን እየፈራ ግድግዳ ላይ የሚሮጡትን እንሽላሊቶች ይቆጥራል። የባቡሩ ሤራ ሲደርስበት ሊያስቆመው የሚችል የፖሊስ ኃይልም ፈቃድም ስለሌለው፣ በእስር ያለውን የመንደሩን ዱርዬ ጁጋንና ከከተማ የመጣውን ኢቅባልን ይፈታቸዋል። ጁጋ የሙስሊሙን ሸማኔ ልጅ ኑራንን ይወዳል፤ ኑራን በዚያ ባቡር ላይ ትሳፈራለች፤ ስለዚህ ጁጋ የሆነ ነገር ማድረጉ አይቀርም ብሎ ያሰላል አስተዳዳሪው። ሀሲናም በዚያው ባቡር ላይ ናት። መንግሥት የዜጎቹን ነፍስ የማዳን ግዴታውን ለአንድ አፍቃሪ ተስፋ መቁረጥ አሳልፎ የሚሰጥበት ይህ ስሌት በግል ጭንቀት ተጀምሮ በግል ጭንቀት ያበቃል። ሃያሲያን ጁጋን ሲያወድሱ ወደ ድልድዩ የላከው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረባቸው።

በጁጋ ፍጻሜ ላይ የተነሣው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። ጁጋ ከእስር ወጥቶ ወደ ጉርድዋራው ይሄድና ሚት ሲንግን ከጉሩው፣ ከቅዱሱ መጽሐፍ፣ ቃል ጥቂት እንዲያነብለት ይለምነዋል። ማንበብ አያውቅም፤ ትርጉሙም አይገባውም፤ የሚጠይቀው ጥሩ ቃል መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያም ድልድዩ ላይ ወጥቶ የተወጠረውን ገመድ በኪርፓኑ፣ ሲኮች ለእምነታቸው በሚታጠቁት ጩቤ፣ ይቆርጣል፤ ተኩሰው ይጥሉታል፤ ባቡሩ በላዩ ላይ አልፎ ወደ ፓኪስታን ይሄዳል። አንድ ወገን ሃያሲያን ይህን የሲኒማ መጨረሻ ነው ብለው ነቅፈዋል፤ ያን ያህል ምድራዊ የነበረ ትረካ በአንድ ጀግና መፈታቱ ፖለቲካውን ወደ ፍቅር ታሪክ አወረደው ይላሉ። ሌላው ወገን የሰው ልጅ ደግነት ከሃይማኖት በላይ መሆኑን ያየበት ነው። ሦስተኛ ንባብ ደግሞ በሲክ እምነት ውስጥ ለሌላው ነጻነት ሲባል የሚከፈለውን መሥዋዕትነት በማስታወስ ጁጋን የዚያ ትውፊት ወራሽ ያደርገዋል፤ ዘጠነኛው ጉሩ (የሲኮች መንፈሳዊ መሪ) ቴግ ባሃዱር በ1675 የተገደሉት የሂንዱዎችን የማምለክ መብት በመከላከል ነው ተብሎ በትውፊቱ ይታመናልና።

ሦስቱም ንባቦች አንድ ነገር ያልፋሉ። ገመዱን የወጠሩትም ሆነ የቆረጠው ሲኮች ናቸው፤ ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ጉርድዋራ፣ ከአንድ መጽሐፍ ፊት ተነሥተው ነው ወደ ድልድዩ የሄዱት። ልብ ወለዱ ከመካከላቸው እውነተኛው ሲክ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ሚት ሲንግም ለጁጋ የሚሰጠው መልስ፣ በጎ ልትሠራ ከሆነ ጉሩው ይረዳሃል፣ ክፉ ከሆነ ይቆምብሃል የሚል ብቻ ነው። በዚያ ዓይነት ሌሊት ደግሞ ይህ ቃል ለማንም ቢነገር ይሆናል፤ ለወጣቱ ጠመንጃ ያዥም ቢሆን። መጨረሻው ሲኒማ መምሰሉን እኔም አልክድም፤ የፓሜላ ሩክስ የ1998 ፊልምም ይህንኑ ድልድይ ለማሳየት ብዙ መጨነቅ አላስፈለጋትም። ግን ከድልድዩ በፊት ያለው የጉርድዋራ ሌሊት ያንን የሚያካክስ ክብደት አለው።

የማንነቱ ጥያቄ ይበልጥ ጥርት ብሎ የሚታየው በኢቅባል ላይ ነው። ኢቅባል በእንግሊዝ አገር የተማረ፣ ስለ መደብ ትግል የሚሰብክ፣ ጺሙን የተላጨ ወጣት ነው። ስሙ የሙስሊምም፣ የሂንዱም፣ የሲክም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሙሉውን አይናገርም። ሚት ሲንግ ሲክ አድርጎ ይቀበለዋል። ፖሊስ ግን ልብሱን አስወልቆ መገረዙን ካየ በኋላ ፓኪስታን እንድትመሠረት የታገለው ፓርቲ የሙስሊም ሊግ ሰላይ ብሎ ይመዘግበዋል። በመጨረሻዋ ሌሊት ኢቅባል መሞቱ ማንም ሳያየው ቢቀር ምን ይጠቅማል እያለ ውስኪውን ጠጥቶ ይተኛል። በአንጻሩ ጁጋ ከጸጉሩ እስከ ኪርፓኑ ድረስ ከሩቅ የሚታወቅ ሲክ ነው። ብዙ ሂስ ይህን ንጽጽር በተማሩት ላይ የተሰነዘረ ሽሙጥ አድርጎ ይወስደዋል፤ ነገር ግን ደራሲው ራሱ በ1963 እና በ1966 በሁለት ቅጽ ባሳተመው የሲኮች ታሪክ ላይ ጸጉር አለመቆረጥና ጥምጥም መጠምጠም ከቀረ ሲኮች ቀስ በቀስ ከሂንዱዎች ጋር ተቀላቅለው ይጠፋሉ የሚል ስጋቱን ገልጿል። በአምላክ መኖር እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ሰው ነበር፤ ጥምጥሙንና ጺሙን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም። የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ማብራሪያው ሲኮችን ለአንዳንድ ጉዳይ ከሂንዱዎች ጋር ደምሮ መጥቀሱ እስከ ዛሬ ቅሬታ የሚያስነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሕዝብ ቆጠራው የሲኮች ድርሻ በ2011 ከመቶ 1.7 ብቻ ነበር።

ከዚያ 1984 መጣ። በጁን ወር የሕንድ ጦር የሲኮች ታላቅ ቅዱስ ስፍራ በሆነው በአምሪትሳር ወርቃማው ቤተ መቅደስ የመሸጉትን ታጣቂዎች ለማስወጣት ቅጥሩን በታንክ ደበደበ። ኦክቶበር 31 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በሁለት ሲክ ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ። በተከታዮቹ ቀናት በዴልሂ ብቻ በመንግሥት ቁጥር 2,733 ሲኮች ተገደሉ። ገዳዮቹ የመራጮች ስም ዝርዝር ይዘው ቤት እየለዩ ዞሩ፤ በላምባና በመኪና ጎማ አቃጠሉ፤ ፖሊስ ወይ ዝም አለ ወይ አገዘ። ብዙ ወንዶች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ጸጉራቸውን ቆረጡ። ሲክነቱ በጨረፍታ የሚታወቀው ሰው ታዳኝ ሆነ፤ በልብ ወለዱ ውስጥ በኢቅባል ላይ የደረሰው የአካል ምርመራ አሁን በሌላ ማኅበረሰብ ላይ፣ በሌላ ምልክት ተፈጸመ።

ስለዚህ ልብ ወለዱን ከ1984 በኋላ የሚያነብ ሰው በእጁ የያዘው ያው መጽሐፍ አይደለም። በ1956 አንድ ሲክ ደራሲ የሲክ ገዳዮችን መጻፉ ራስን መፈተሽ ነበር። በ1984 ማግስት ግን ያ ገጽ ለሌላ ዓላማ ሊውል የሚችል ሆነ፤ ሲኮችን በጅምላ ዓመፀኛ አድርጎ ለመሣል የሚፈልግ ሰው በማስረጃነት ሊጠቅሰው ይችላል። በዚህም የተነሣ ከሲክ ማኅበረሰብ ውስጥ ደራሲው የወገኑን ጉድ በእንግሊዝኛ ለባዕድ ያወጣ ነው የሚል ቅሬታ ተሰምቷል። ደራሲውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው ይህ ክስ ቀላል አይደለም፣ ፍትሐዊም አይደለም። ኩሽዋንት ሲንግ በ1970ዎቹ የኢንዲራ ጋንዲን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግፏል፤ ለዚህ ተገቢውን ወቀሳ ተቀብሏል። የታጣቂዎቹን መሪ ብሂንድራንዋሌንና የተለየ የሲክ አገር ይመሥረት የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ተቃውሟል። ቤተ መቅደሱ ሲደበደብ ግን በ1974 ያገኘውን የፓድማ ብሁሻን ኒሻን መልሷል፤ በኖቬምበር ጭፍጨፋ ጊዜም በገዛ ከተማው በስዊድን ኤምባሲ ተጠልሎ፣ በአገሬ ስደተኛ ሆንኩ ብሏል። ሁሉንም ያስቀየመ ሰው ነበር፤ ልብ ወለዱም የዚህ ጠባይ ልጅ ነው።

መጽሐፉ በእርግጥ የሚወቀስበት ቦታ ሴቶቹ ናቸው። ኑራንም ሀሲናም በባቡሩ ላይ የሚጫኑ፣ ስለ እነሱ ሌላው የሚሞትላቸው ወይም የሚጨነቅላቸው ናቸው፤ የሲክ ሴት ግን ከጁጋ እናት በቀር በትረካው ውስጥ ቦታ የላትም ለማለት ይቻላል። ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው ከ1990ዎቹ ወዲህ፣ የክፍፍሉን ታሪክ ከሴቶች አፍ የሚሰበስቡ ጥናቶች ሲወጡ ነው። ኡርቫሺ ቡታሊያ በ1998 ያሳተመችው ጥናት በማርች 1947 ቶሃ ኻልሳ በተባለች መንደር ዘጠና ያህል የሲክ ሴቶች በጠላት እጅ ከመውደቅ ብለው ጉድጓድ ውስጥ መዝለላቸውን፣ በሌሎችም መንደሮች አባቶችና ወንድሞች የገዛ ሴቶቻቸውን መግደላቸውን አነሣ። ይህ ሁሉ በማኅበረሰቡ ትዝታ ውስጥ ሰማዕትነት ተብሎ ይዘከራል። ሴቶቹ ምን ያህል ፈቅደው ነበር የሚለው ጥያቄ ግን በዝክሩ ላይ አይነሣም።

ካናዳ የተወለደችው ሻውና ሲንግ ባልድዊን በ1999 «አካል የሚያስታውሰው» በሚል ርእስ ባሳተመችው ልብ ወለድ ወደዚያ ዝምታ ገብታለች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሩፕ የአንድ ባለጸጋ ሲክ ሁለተኛ ሚስት ናት፤ ከእልቂቱ በኋላ አባቷ የልጁን ሚስት በገዛ እጁ መግደሉንና ምራቱም ፈቅዳ አንገቷን መስጠቷን ይተርክላታል። ሩፕ የምትሰማው የገዳዩን ቃል ብቻ ነው፤ አንባቢውም እንደዚያው። መጽሐፉ ለካናዳና ለካሪቢያን ክልል የተሰጠውን የኮመንዌልዝ ሽልማት አግኝቷል፤ ጥናት የሚሠሩበት ሰዎችም ከኩሽዋንት ሲንግ መጽሐፍ ጋር እያነጻጸሩ ያነቡታል። እኔ ሁለቱን የማይቃረኑ፣ ይልቁንም አንዱ የሌላውን ሥራ የሚቀጥል ሆነው አያቸዋለሁ፤ ሁለቱም ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ለሲክ ወንድ ነውና። ልዩነቱ ባልድዊን ጥያቄውን ከባቡር ድልድይ አንሥታ ወደ ማእድ ቤትና ወደ መኝታ ክፍል ማምጣቷ ነው።

ሂሱ ራሱ የሚጠየቅበት ሌላም ነገር አለ። «ባቡር ወደ ፓኪስታን» የክፍፍሉ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ተደርጎ የሚጠቀሰው አንባቢው እንግሊዝኛ ብቻ ሲያነብ ነው። በፑንጃብኛ ናናክ ሲንግ በ1948፣ ደሙ ሳይደርቅ፣ በዚሁ ጉዳይ ልብ ወለዶች አሳትሟል፤ አምሪታ ፕሪታም «ፒንጃር»ን በ1950 አውጥታለች። በኡርዱ የጻፈው ሙስሊሙ ሳዳት ሐሰን ማንቶ ደግሞ በክፍፍሉ ሥነ ጽሑፍ እጅግ የታወቀውን ሲክ ፈጥሯል፤ ከእብዶች ሆስፒታል ወደ ሕንድ ሲላክ አልሄድም ብሎ ማንም በማይገዛው መሬት ላይ የሚወድቀውን ቢሻን ሲንግን። እነዚህ ሥራዎች ከኩሽዋንት ሲንግ ጎን ተቀምጠው ቢነበቡ «ሚዛናዊ ሲክ» የሚለው ምስጋና ያን ያህል ብርቅ ባልሆነ ነበር፤ ወገንን መጠየቅ በፑንጃብ ደራሲያን ዘንድ ቀድሞም የተለመደ ነበርና።

የ1984ን ጭፍጨፋ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚመረምሩ ሥራዎች ከ2000 ወዲህ በዝተዋል፤ ከእነሱ መካከል ከዚህ ክርክር ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የጃስፕሪት ሲንግ «ሂሊየም» (2013) ነው። ተራኪው ራጅ ሲክ አይደለም። ተማሪ ሳለ መምህሩ በዴልሂ ባቡር ጣቢያ አንገታቸው ላይ ጎማ ተደርጎ በእሳት ሲነዱ አይቷል፤ ከዓመታት በኋላ ከአሜሪካ ተመልሶ የመምህሩን ባለቤት ኔሊን ይፈልጋል፤ ሲፈልግም ከፍተኛ የፖሊስ ሹም የነበረው አባቱ በዚያ ሳምንት ምን እንዳደረገ ይገጥመዋል። ገምጋሚዎች መጽሐፉን በተቆራረጠ ትረካውና በገጾቹ መካከል በገቡት ፎቶግራፎች ምክንያት ከጀርመናዊው ደራሲ ከዜባልድ ጋር እያመሳሰሉ ጽፈዋል፤ ተራኪው ከሐዘኑ ይልቅ ንባቡን ያሳየናል የሚል ነቀፋም ይቀርብበታል፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ሆኖም የትረካው አቀማመጥ ሊታለፍ አይገባም። ኩሽዋንት ሲንግ ከበዳዮቹ ማኅበረሰብ ውስጥ ሆኖ ስለ ወገኑ ሲጽፍ፣ ጃስፕሪት ሲንግ ከተበዳዮቹ ማኅበረሰብ ሆኖ ለበዳዩ ልጅ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ያ ልጅም አባቱን ጠይቆ የሚያገኘው መልስ፣ ጭፍጨፋውን የመረመረው የናናቫቲ ኮሚሽን በ2005 ለፓርላማ የቀረበው ዘገባው ለሲኮቹ ቤተሰቦች ከሰጠው መልስ እምብዛም የሚሻል አይደለም።